መርፌው ሞቀ ሲል ሞተሩ ሞቋል ማለት ነው?

የአንድ ክፍል ጓደኛችን አባት ዳትሰን 240ዜድ አላቸው። ናይሮቢ ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያሉ መኪና ወዳዶች ይህን መኪና በደንብ ያውቁታል፤ በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን ያሸነፈው ይኸው ዓይነት ነውና። የእሳቸው ግን ዘንድሮ ለወራት ከግቢ አልወጣም። የሙቀት ጌጁ መርፌ ሙቅ ጫፍ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ ለውጥ የለም። ሌላው «ቴስታታው ይውረድ» አላቸው። ዋጋውን ሲሰሙ መኪናውን ሊሸጡት ወሰኑ።

ስጋቱ መሠረት አለው። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጣመማል። ግን ጌጁ ራሱ መች ተመረመረ?

እኛ የጠየቅናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ሲከፍቱ መርፌው የት ነው? ልብ ብለው አላዩትም። ቅዳሜ ጠዋት ሄደን ቁልፉን ከፈትን። መርፌው ቀስ እያለ እስከ ሙቅ ጫፍ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ፣ በእጅ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታቱ አጠገብ ውሃው ውስጥ የገባ ትንሽ ሴንሰር አለ። ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ፍሰትን በጣም ይቋቋማል፤ ሲሞቅ መቋቋሙ ይቀንሳል። ከጌጁ የሚመጣው ፍሰት በአንዲት ሽቦ ወርዶ በሴንሰሩ በኩል ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አካል ይገባል። ብዙ ፍሰት ካለፈ መርፌው ይወጣል። ስለዚህ ሽቦዋ ተልጣ ብረት ከነካች ጌጁ «ሞቀ» ይላል፤ ከተቆረጠች ደግሞ «ቀዝቃዛ» ይላል።

ሽቦዋን ከሴንሰሩ ነቀልናት። መርፌው መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። ሴንሰሩ ነጻ ወጣ። ከዚያ ባትሪውን ፈተን ከጌጁ ጀርባ ያለውን ጫፍ ነቀልንና ባትሪውን መልሰን አሰርን። አሁን መርፌው ወረደ። ጌጁም ደህና ነው፤ የቀረችው ሽቦዋ ናት። ተከትለናት ስንሄድ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በምትገባበት ቀዳዳ ላይ የመከላከያው ጎማ ደርቆ ወድቋል፤ የብረቱ ጠርዝ ሽቦዋን ልጧታል። በናስትሮ ጠቅልለን አዲስ ጎማ አስገባን።

በዚህ አላበቃንም፤ ለወራት ሙሉ ፍሰት ሲያልፍበት የቆየ ጌጅ ልኩን ስቶ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ፈተን፣ በረዥም ሽቦ ከጌጁ ጋር አገናኝተን፣ ከቴርሞሜትር ጋር የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከርነው። መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ለካ የሴንሰሩን አካል ከማሳ ጋር ማገናኘት ረስተናል! ካገናኘን በኋላ በ82 ዲግሪ አካባቢ መሃል ላይ ቆመ፤ ውሃው ሲፈላም ከመሃል ትንሽ ብቻ አለፈ። ይህን የሚሞክር ሰው ቴርሞሜትር አይርሳ። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ «ፈላ፣ እንግዲህ 100 ነው» የሚል ደህናውን ጌጅ ይጥላል።

ከዚህ የከፋው የተገላቢጦሹ ውሸት ነው። የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ መርፌው ዝቅ ብሎ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ መርፌው ድንገት ከወረደም መኪናውን ማቆም ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ በጭራሽ አትክፈቱ።

በ82 ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ቴርሞስታት ገባለት፤ ያለ እሱ ሞተሩ በሐምሌ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል። ጓደኛችንና አባቱ በማግስቱ የሊሙሩን ዳገት ወጥተው ተመለሱ። መርፌው ከመሃል አልራቀም። «ይሸጣል» የሚለው ወረቀትም ከመስታወቱ ላይ ተነሣ።