ባትሪው ለምን ያዘግማል? የኤሌክትሮላይት ምስጢር

በአንድ የኅዳር ማለዳ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን ጥያቄ አቀረቡልን። «የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቀኑን ሲነዳ ውሎ ማታ ፈጣን መሙያ ጣቢያ ሲሰካ ቶሎ ይሞላል፤ ግቢ አድሮ ጠዋት እዚያው ሲሰካ ግን ያዘግማል። ችግሩ የመብራቱ ነው ወይስ የመኪናው?» አሉን።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት በባትሪ ላይ ውሏል። ስለዚህ ምክንያቱን መረዳት ይገባናል።

የሊቲየም አዮን ባትሪ ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ በመካከላቸው ቀዳዳማ መለያ፣ ሁሉንም የሚያርስ ኤሌክትሮላይት የተባለ ፈሳሽም አለው። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ የሊቲየም ጨው በኦርጋኒክ ካርቦኔቶች ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝ ነው። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች ከካቶዱ ወጥተው፣ ፈሳሹን አቋርጠው፣ በአኖዱ ግራፋይት ውስጥ ይገባሉ። የጉዟቸውን ፍጥነት ሦስት ባሕርያት ይወስናሉ።

አንደኛው አስተላላፊነት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 10 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ይደርሳል፤ የባሕር ውኃ በአምስት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ብርድ ፈሳሹን ስለሚያወፍረው በ10 ዲግሪ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ያጣል።

ሁለተኛው ስርጭት ነው፤ ባልተማሰለ ሻይ ውስጥ ስኳር ቀስ በቀስ እንደሚዳረሰው ማለት ነው። የወረቀት ውፍረት ያለውን፣ 100 ማይክሮሜትር የሚሆነውን ቀዳዳማ ኤሌክትሮድ ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜው ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋልና።

ሦስተኛው የዝውውር ቁጥር ይባላል። በዓለም ባንክ ታክሲ መያዣ በጠዋት የሚሳፈረውና የሚወርደው በአንድ በር ሲጋፋ እናያለን። በፈሳሹም ውስጥ ሊቲየም ወደ አንድ ወገን ሲሄድ የጨው አሉታዊ አዮኖች ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ከኮረንቲው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ሊቲየም ይሸከማል፤ የቀረው የአሉታዊዎቹ ድርሻ ነው።

ውጤቱ ምንድን ነው? በፈጣን ሙሌት ጊዜ በካቶዱ በኩል ጨው ይከማቻል፤ በአኖዱ ጥልቅ ቀዳዳዎች ደግሞ ይመናመናል። ወደ ውስጥ መዝለቅ ያልቻለው ሊቲየም በግራፋይቱ ገጽ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ግራፋይቱ ራሱም በብርድ አዮኖችን ለመቀበል ይዘገያል። የተለጠፈው ብረት የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ እንደ መርፌ አድጎ መለያውን ከበሳም አደጋ ያስከትላል። የመኪናው ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር ማለዳ ኮረንቲውን የሚቀንሰው ይህን ለመከላከል ነው። እንግዲህ የጎረቤታችን መኪና አልተበላሸም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን የባትሪውን ውስጥ በዓይን አያይም፤ ያለው ሒሳባዊ ሞዴል ነው። በዘርፉ መሠረት የሆነውን ሞዴል ዶይል፣ ፉለርና ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1993 አቀረቡ። ሦስቱ ባሕርያት ለዚህ ሞዴል ግብዓት ናቸው። ሁሉም ከሙቀትና ከጨው ክምችት ጋር ይለዋወጣሉ። ለ25 ዲግሪ ብቻ የተለካን ቁጥር ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የተጠቀመ ሰው፣ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም መልሱ ይሳሳትበታል። የአፋርን ቆላ ሙቀት ብናስብም እንዲሁ ነው።

ለጎረቤታችን የሰጠነው ምክር አጭር ነው፦ ፈጣን ሙሌት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማታ፣ ባትሪው ከጉዞ ሙቀቱ ሳይበርድ ይሙሉት። ለተማሪዎቻችን ያለን አደራ ግን ይረዝማል። የጨው ውኃ፣ ቴርሞሜትርና ተለዋዋጭ ኮረንቲ ያለው ማንኛውም ቤተ ሙከራ አስተላላፊነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ መለካት ይችላል። ከዚያ ይጀመር። መኪናውን ከውጭ ብናስመጣም፣ መኪናው የሚያድርበትን ሌሊት መለካት የእኛ ሥራ ነው።