በጣና የሚበላው ዘር

ዋጃና ቆቦ ላይ ማሽላ የሚያርስ የራያ ገበሬ ዓይኑ ተራራው ላይ ነው። ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ክፉ ቀን ቢመጣበት እንኳ ለዘር ያኖረውን ማሽላ ቶሎ አይነካም። ከራያ ወደ ምዕራብ፣ ጣና ላይ ግን ዓሣው ከነዘሩ መበላት ከጀመረ ሰነባብቷል።

በጣና የሚጠመደው በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ከ15 በላይ ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ አገር የላቸውም። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ በርካቶቹ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጠጠራማ ገባር ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። በዚህ ጊዜ አጥማጁ ዓሣ ፍለጋ መድከም የለበትም፤ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ከዘረጋ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ እናት ዓሣ ራሷ መጥታ ትገባለታለች። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ላይ ይበተናል፤ ትንሹም ትልቁም ደንዝዞ ይንሳፈፋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዶች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ክምችት 75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉን መዝግበዋል። ነጭ ዓሣ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ዓመታት ስለሚፈጅበት የጠፋውን እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይተካም።

ሕግ አልጠፋም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት ዐሥርት አልፎታል። የጎደለው በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚያስከብረው ነው። በዚያ ላይ በፆም ወራት የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ፍልሰታ ደግሞ የሚውለው ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴ ነው።

አሁን የአየር ንብረት ለውጥ ተጨምሮበታል። ዝናቡ ሲዘገይ የዓሣው ጉዞም ይዘገያል፤ ዶፍ ሆኖ ሲወርድ ከተራቆተ ማሳ የታጠበው ደለል እንቁላሉን ይቀብረዋል። ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ይዛቃል፣ የመስኖ ፓምፕም ውኃውን ይስባል። ስለዚህ በመራቢያ ወቅት የሚጣል የማጥመድ ክልከላ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በወንዙ መሙላት ሊጀመርና ሊያበቃ ይገባል።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992 በኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣን ማጥመድ ያገደችው ለሁለት ዓመት ብላ ነበር። እገዳው ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆየ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሥራ አጡ። ሰው ካለልክ አጥምዶ፣ አየሩም ከተለወጠ የተሟጠጠው ዓሣ በቀጠሮ አይመለስም።

ጣና ገና ተስፋ አለው። የክልሉ መንግሥት ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣባቸው ጥቂት ሳምንታት የወንዝ አፎችን ለአጥማጅ ይዝጋ፤ ለወይጦና ለሌላውም አጥማጅ ቤተሰብ ማካካሻ ይስጥ፤ ጥበቃውንም ራሳቸው አጥማጆቹ ይያዙት። አንባቢም በፍልሰታ ዓሣ ሲገዙ ከሐይቅ ነው ከወንዝ አፍ ብለው ይጠይቁ፤ ከወንዝ አፍ ከሆነ አይግዙ።