በወረርሽኝ ዘመን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ጥገና፦ ተራ ያስጠበቀችው ክኒን

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሰሜን ኢጣሊያን ሲያጥለቀልቅ፣ በሎምባርዲያ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ጥገናም አብሮ የተዘጋ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። አልተዘጋም፤ ወደ አንድ ቦታ ተሰበሰበ እንጂ። ክልሉ ጊዜ የማይሰጥ የአንጎል ዕጢ ያለባቸው ታማሚዎች ወደ ሚላኑ ካርሎ ቤስታ የነርቭ ሕክምና ተቋም እንዲላኩ አደረገ። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ደግሞ አልጋቸውንና መተንፈሻ መሣሪያቸውን ለኮቪድ አዋሉ።

ጭንቅላቱ ተከፍቶ የታከመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚተኛው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ያንን አልጋ ግን ኮቪድ ይዞት ነበር። በግንቦት የወጣው ዓለም አቀፉ የኮቪድሰርግ ጥናት ደግሞ በቀዶ ጥገናው ሰሞን ቫይረሱ ከተገኘባቸው ታማሚዎች 23.8 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ እንደሞቱ አሳየ። ስለዚህ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የሚለው ከባዱ ሥራ ሆነ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ሜኒንጂዮማ በኤምአርአይ እየታየ ወራት ይታገሣል። ፈጥኖ የሚያድገው ግሊዮብላስቶማ ግን አይታገሥም። የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃ የዘጋ ዕጢ ለነገ አይባልም። በአፍንጫ በኩል የሚወጣው የፒቱታሪ ዕጢ፣ ቫይረሱ አፍንጫ ውስጥ ስለሚከማች፣ የታማሚውን ዓይን ካላሰጋ በቀር እንዲቆይ ተደረገ።

ተራ ጠባቂውን ደግፋ ያቆየችው፣ ውለታዋ ግን የማይነገርላት ዴክሳሜታዞን የተባለችው የስቴሮይድ ክኒን ናት። ብዙ ሰው ታማሚውን የሚያሰቃየው ዕጢው ብቻ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው በዙሪያው ያለው እብጠት ነው። የዕጢው ደም ሥሮች ያፈስሳሉ፤ ፈሳሹ ጤነኛውን አንጎል ያርሰዋል፤ የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። መድኃኒቱ የሚያፈስሱትን ሥሮች ያጠብቃል። በአንድ ሁለት ቀን ራስ ምታቱ ይቀላል፣ አልታዘዝ ያለ እጅ ይነሣል። ሚኒሶታ ያሉ ሐኪሞች ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ይህችው ክኒን ተፈራች። የሰውነትን መከላከያ ታዳክማለችና፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለኮቪድ ሳንባ ምች ስቴሮይድ በዘልማድ እንዳይሰጥ መክሮ ነበር። የአንጎል ሐኪሞች መጠኑን በተቻለ መጠን ቀነሱ። ሰኔ 9 ቀን ግን የኦክስፎርዱ ሪከቨሪ ጥናት በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባሉ ታማሚዎች ዘንድ ሞትን በአንድ ሦስተኛ እንደቀነሰ ይፋ አደረገ። የእኛም ጤና ሚኒስቴር በዚያው ሳምንት ኦክስጅንና መተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ፈቀደው።

ከዚያ ወዲህ ለተራ ሳል ከፋርማሲ እየገዛ የሚውጥ በዛ። ጥናቱ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ጥቅም አላገኘበትም፤ እባካችሁ ተዉት። በሐኪም ታዝዞለት የሚወስድም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። የማውቃቸው አንዲት እናት ራስ ምታቱ ሲተዋቸው «ድኛለሁ» ብለው በአንዴ ጣሉት፤ ብዙ ሳይቆዩ ዝለው ወደቁና በልጆቻቸው ሸክም ሆስፒታል ገቡ። ክኒኑን ሰንብቶ የወሰደ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል፤ እስኪያገግም መጠኑ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

በ2013 ዓ.ም. ያው የኮቪድሰርግ ቡድን በኮቪድ የተያዘ ሰው ቢቻል 7 ሳምንት ቆይቶ ቀዶ ጥገና ቢደረግለት እንደሚሻል አሳየ። ግሊዮብላስቶማ ላለበት ግን ይህን ያህል መጠበቅ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ የሕክምና ቡድኑ የኮቪዱን ሥጋትና የዕጢውን ፍጥነት በየታማሚው እየመዘነ ቀኑን ይቆርጣል፤ እስከዚያው እብጠቱን የምትይዘው ዴክሳሜታዞን ናት።