አሮጌው ማሟያ ለምን አይጣልም? ኦፕንቲቲዲና የቨርዥኖቹ አያያዝ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላምበረት ላይ ቆም ብሎ ያየ ሰው የትራንስፖርት ሥራ ምን ያህል የተጠላለፈ እንደሆነ ይገባዋል። ከመናኸሪያው የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ይወጣሉ፤ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች መንገድ ዳር ያወርዳሉ፣ ይጭናሉ፤ ተሳፋሪው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ለየትኛው መስመር ስንት ተሽከርካሪ ይበቃል? ማቆሚያው የት ቢሆን ሰው አይጉላላም? ኦፕንቲቲዲ የተባለው የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቹን የሚያስጨንቀው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ተጫዋቹ የትራንስፖርት ድርጅት ያቋቁማል፤ መንገድና ሐዲድ ይዘረጋል፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ መርከብና አውሮፕላን ገዝቶ ያሰማራል፤ ከተሞቹም አገልግሎቱን እያዩ ያድጋሉ።

የጌሙ መነሻ ክሪስ ሶየር የሠራው፣ ማይክሮፕሮዝ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትራንስፖርት ታይኩን ነው። ስዊድናዊው ሉድቪግ ስትሪጊየስ የዚያን ጌም የተሻሻለ እትም እንደገና ጽፎ በ2004 ኦፕንቲቲዲን ለቀቀ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ አሳድገውታል። በ2010 የወጣው 1.0 ቨርዥን በፈቃደኞች የተሠሩ ሥዕሎችና ድምፆች ስለነበሩት፣ የድሮውን ጌም ሳይገዙ በነፃ መጫወት ተቻለ።

ጌሙን ይህን ያህል ዓመት ያቆዩት ግን ማሟያዎቹ፣ ማለትም ሰዎች ሠርተው በጌሙ ላይ የሚጨምሯቸው ፋይሎች፣ ናቸው። አንዱ የጃፓን ባቡሮችን ይሠራል፣ ሌላው አዳዲስ ፋብሪካዎችን ይጨምራል፣ ሌላው ደግሞ ከተጫዋቹ ጋር የሚፎካከር ሰው ሠራሽ ተቀናቃኝ ይጽፋል። የመሬት አቀማመጥም በማሟያነት ይቀርባል፦ ነጣ ያለው ቦታ ተራራ፣ ጠቆር ያለው ቆላ የሚሆንበት ግራጫ ሥዕል ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን እንጦጦንና ከግርጌው የተዘረጋውን የካን በዚህ መንገድ ወደ ጌሙ ማስገባት ይቻላል። ከ2009ቱ 0.7 ቨርዥን ጀምሮ እነዚህን ሁሉ ከጌሙ ሳይወጡ የሚያወርዱበት ባናናስ የተባለ ማከማቻ አለ።

ነገሩ የሚወሳሰበው ማሟያው ሲታደስ ነው። ሠሪው ስህተት ያርማል፣ ዋጋ ያስተካክላል፣ አዲስ አውቶቡስ ይጨምራል። ባለፈው ዓመት ከተማ መገንባት የጀመረው ተጫዋች ግን ጌሙን ሴቭ ያደረገው በድሮው ቨርዥን ላይ ነው። አዲሱ በድሮው ቦታ ዝም ብሎ ቢገባ ምን ሊመጣ እንደሚችል በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው የአዲስ አበባን ሚኒባሶች በማሟያነት ሠራ እንበል። በመጀመሪያው ቨርዥን ሚኒባሱ ቁጥር 5 ነበር፤ በሁለተኛው ሠሪው ዝርዝሩን ሲያስተካክል ቁጥር 5ን ለጭነት መኪና ሰጠው። ሴቩ የሚያስታውሰው ቁጥሩን እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ስለዚህ ተሳፋሪ ሲያመላልስ የነበረው ሚኒባስ በአዲሱ ቨርዥን ሲከፈት የጭነት መኪና ሆኖ ሊገኝ፣ መስመሩም ሊበላሽ፣ ጌሙም ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል።

ይህ እንዳይሆን እያንዳንዱ ኒውጂአርኤፍ፣ ማለትም የተሽከርካሪና የሥዕል ማሟያ፣ ሁለት መታወቂያ ይይዛል። አንደኛው አራት ባይት የሆነ ቋሚ መለያ ነው፤ ማሟያው ቢታደስም አይለወጥም። ሁለተኛው ኤምዲ5 የሚባለው ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አሻራ ነው፤ የማሟያው መረጃ ከተለወጠ አሻራውም ይለወጣል። ሴቭ ሲደረግ ሁለቱም ይመዘገባሉ። ተጫዋቹ በኋላ ሲመለስ ጌሙ መጀመሪያ አሻራው ልክ የሆነውን ፋይል ይፈልጋል። ካጣው ያው መለያ ያለውንና ተስማሚ የሆነውን ሌላ ቨርዥን ይጭንና ይህንኑ ያስጠነቅቃል። እሱም ከሌለ ጌሙ ቆሞ ይከፈታል፤ ተጫዋቹ ላስነሳው ሲል ማሟያ እንደጎደለና ጌሙ ሊበላሽ እንደሚችል ነግሮ በእርግጥ መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል።

የባናናስ ደንብ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ሠሪው አዲስ ቨርዥን ሲያስገባ የድሮው ከአዲስ ጌም ጀማሪዎች ዝርዝር ይሰወራል እንጂ ከማከማቻው አይወጣም። የድሮ ሴቭ ያለው ሰው በአሻራው አማካይነት ያንኑ ፋይል ፈልጎ ማውረድ ይችላል። በኢንተርኔት አብረው ለሚጫወቱም ይህ የግድ ነው፤ ሰርቨሩና ተጫዋቾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፋይል ካልያዙ አንዱ ዘንድ ያለው ዓለም ከሌላው ጋር አይገጥምም።

በራሳችን ኮምፒውተር ላይስ? ማሻሻያ ሲወርድ የድሮውን አያጠፋም፤ ኮንተንት ዳውንሎድ በሚባለው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ ቨርዥን ለብቻው የታሸገ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ጌሙ ራሱ አያጸዳውም፤ ማጽዳቱ የተጫዋቹ ፋንታ ነው። ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሳያጣሩ ማጥፋት ኪሳራ ነው፤ ያንኑ ፋይል ሁለተኛ ከፍሎ ማውረድ ይመጣልና። ደህናው መንገድ አሮጌ የሚመስሉትን የኒውጂአርኤፍ ፋይሎች በመጀመሪያ ወደ ፍላሽ ማዛወር ነው። ከዚያ ጌሙን አስነስቶ የሴቭ ዝርዝሩን መክፈትና እያንዳንዱን ሴቭ መንካት ይበቃል፤ ኒውጂአርኤፎቹ በሙሉ መኖራቸውን፣ በተስማሚ መተካታቸውን ወይም መጉደላቸውን መስኮቱ ይናገራል። ሁሉም አለ ካለ የተዛወረው ፋይል ቢጠፋ ጉዳት የለውም። ጎደለ ወይም በሌላ ተተካ ካለ ፋይሉን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ጌሙን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። በከተማችን ኮድ መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ የራሳቸውን ሚኒባስ፣ አንበሳ አውቶቡስ ወይም ቀላል ባቡር ሠርተው በማሟያነት ማቅረብ ይችላሉ። ሲሠሩ ሦስት ነገር ይያዙ፦ ቋሚ መለያውን አይለውጡ፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ተሽከርካሪ የሰጡትን ቁጥር ለሌላ አይስጡ፤ አዲሱ ከየትኛው የድሮ ቨርዥን ጀምሮ እንደሚስማማ በፋይሉ ውስጥ ይግለጹ። ሥራን በነፃ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ሰው ተቀብሎ ብዙ ከደከመበት በኋላ ግን ያ ሥራ የሠሪው ብቻ አይደለም፤ በላዩ ላይ የተገነባው ከተማ የሌላ ሰው ድካም ነውና፣ አዲሱን የሚያወጣ ሁሉ የድሮውን ተጠቃሚ ማሰብ አለበት።