የ«ሞተ» ባትሪ ምኑ ነው የሞተው?

መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሮቻችን ድንገት እንዳይዘጉ የሚያግዘን ዩ.ፒ.ኤስ. የተሰኘው መሣሪያ ነው። በብዙዎቹ ዩ.ፒ.ኤሶች ውስጥ ያለው ባትሪ እንደ መኪና ባትሪ ሁሉ በእርሳስና በሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱንና መርዛማውን ብረት ማለታችን ነው። ባትሪው ጥቂት ዓመታት አገልግሎ ሲደክም «ሞተ» ይባልና በንብረት ክፍሉ ጥግ ይከመራል። ለመሆኑ የሞተው ምኑ ነው?

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በሰሌዳዎቹ ላይ ሌድ ሰልፌት የተባለ ውሕድ ይፈጠራል፤ ቻርጅ ሲደረግ ውሕዱ ወደ ቀድሞ ይዞታው ይመለሳል። ከጊዜ ብዛት ግን ከፊሉ እየጠጠረ አልመለስ ይላል። እንግዲህ የጠፋው ኃይል የማጠራቀም ችሎታው እንጂ እርሳሱ አይደለም። ከባትሪው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ዛሬም እዚያው አለ። ያረጀውን ባትሪ ውድ ጥሬ ዕቃም አደገኛ ቆሻሻም የሚያደርገው ይኸው ነው።

ኃይሉም ቢሆን ጨርሶ አልተሟጠጠም። ለምሳሌ 10 ቮልት የቀረውንና የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም የሆነ ባትሪ እንውሰድ። ሁለቱ ጫፎቹ በመፍቻ ቢገናኙ ወደ 100 አምፒር የሚጠጋ ኮረንቲ ይፈስሳል፤ የሚፈጠረውም ሙቀት 1,000 ዋት ገደማ ነው። ይህ የአንድ ኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል ያህል ነው።

እርሳሱ በሥርዓት ካልተያዘ የሚያስከትለውን ጉዳት በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አቅራቢያ የምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር አሳይታለች። በዚያ ነዋሪዎች ከአሮጌ ባትሪዎች እርሳስ ያወጡ ነበር። ከኅዳር ወር 2007 እስከ መጋቢት ወር 2008 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ 18 ሕፃናት ሕይወታቸው አለፈ፤ መንስኤውም በአፈሩና በአቧራው የተሰራጨው እርሳስ መሆኑ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው፣ ጉዳት አያደርስም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም።

ስለዚህ ባትሪን ለቆራሌው ወይም ለከፍተኛ ተጫራች ስንሸጥ ዋጋውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ገዢው አሲዱን ከመንገድ ዳር የሚደፋ፣ እርሳሱንም በጓሮ የሚያቀልጥ ከሆነ ያገኘነውን ገንዘብ የጎረቤት ልጆች በጤናቸው ይከፍሉታል። ባትሪው አሲዱ ሳይፈስስ፣ ሳይሰበር፣ እንዳለ ፈቃድ ላለው መልሶ አምራች መድረስ አለበት። በጥንቃቄ የቀለጠ እርሳስ ደግሞ ባሕርዩን ሳይለቅ ደጋግሞ ባትሪ መሆን ይችላል።

በመሥሪያ ቤት ልናደርገው የምንችለው ቀላል ነው። ባትሪዎቹን ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ስፍራ፣ በፕላስቲክ ትሪ ላይ አቁመን እናስቀምጥ፤ ጫፎቻቸውን በናስትሮ እንሸፍን። የላፕቶፕና የሞባይል ሊቲየም ባትሪዎችን ለብቻ እንለይ፤ ከእርሳስ ባትሪ ጋር ተቀላቅለው ወደ ማቅለጫ ከገቡ ሊፈነዱ ይችላሉና። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ አይወጋ፣ አይጨመቅ። አዲስ ባትሪ ሲገዛም ሻጩ አሮጌውን እንዲረከብ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ አሮጌውን ወዴት እንደሚያደርስ መጠየቅ የሚቻለው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው።