በአደባባይ ኮንፊሽየስ፣ በጓዳ ሃን ፌይ

ከ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ቻይናን የገዙት ሥርወ መንግሥታት መነሻቸው እጅግ የተለያየ ነው፤ የሃንና የሚንግ መሥራቾች ከገበሬ ቤት የወጡ ዐመፀኞች፣ የሱዪና የታንግ ቤቶች የጦር መኳንንት፣ የዩዋንና የቺንግ ነገሥታት ደግሞ ከሰሜን የመጡ ሞንጎሎችና ማንቹዎች ነበሩ። ከመጀመሪያው ከቺን በስተቀር ግን ታላላቆቹ ሥርወ መንግሥታት የኮንፊሽየስን ትምህርት የመንግሥታቸው መሠረት አድርገው ሲያውጁ ኖረዋል። ይሁን እንጂ የግብር መዝገባቸውን፣ የወንጀል ሕጋቸውንና ሹም የሚሾሙበትንና የሚሽሩበትን ሥርዓት የመረመረ ሰው፣ መሣሪያውን በአብዛኛው ያበጁት የኮንፊሽየስ ባላንጣዎች እንደሆኑ ይረዳል። እነዚህ ባላንጣዎች በቻይንኛ ፋጂያ፣ በአማርኛ ሕጋውያን ሊባሉ የሚችሉ አሳቢዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ትምህርቶች እንደማይዋደዱ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሺህ ዓመት ኖረዋል።

ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጥ ሦስተኛ ሐሳብ አለ። በ1046 ቅ.ል.ክ. ገደማ ከምዕራብ የተነሡት ዦዎች የሻንግን ሥርወ መንግሥት ሙዬ በተባለ ስፍራ ድል ባደረጉ ጊዜ፣ በከብት አጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ እየጻፉ አማልክትንና የሞቱ አባቶቻቸውን ይጠይቁ የነበሩትን ነገሥታት በምን መብት እንደጣሉ ማስረዳት ነበረባቸው። የሰጡት ምክንያት ቲያንሚንግ፣ ማለትም የሰማይ ትእዛዝ የሚባለው ነው፤ ሰማይ ሥልጣንን ለደግ ገዥ ይሰጣል፣ የገዥው ዘር ሲከፋም ነጥቆ ለሌላ ያሳልፋል። ለአሸናፊ ይህን ያህል የሚመች ማስረጃ አይገኝም፤ ነገር ግን ያው ሐሳብ በኋላ ለሚነግሥ ሁሉ ወጥመድ ነበር፤ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ ረሃብና የገበሬ ዐመፅ ሰማይ ፊቱን ማዞሩን የሚያሳዩ ምልክቶች ተደርገው ይቆጠሩ ነበርና። በ1912 የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን መውረዱን ያወጀው ጽሑፍ እንኳ የሕዝቡ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ በማየት የሰማይ ፈቃድ መታወቁን ይገልጻል።

የዦ ነገሥታት በ771 ቅ.ል.ክ. የምዕራብ መናገሻቸውን አጥተው ወደ ሉዎያንግ ከተዛወሩ በኋላ ሥልጣናቸው ስም ብቻ ሆነ፤ ግዛቱም እርስ በርሳቸው በሚዋጉ መሳፍንት እጅ ወደቀ። ከ551 እስከ 479 ቅ.ል.ክ. የኖረው፣ የሉ ግዛት ተወላጅ የሆነው ኮንፊሽየስ የዚህ ዘመን ሰው ነው። ምክሩን ተቀብሎ በሥራ የሚያውል ገዥ ፍለጋ ለዓመታት ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖሮ ሳያገኝ ሞተ፤ ትምህርቱም የተጻፈው በተማሪዎቹና በተማሪዎቻቸው እጅ ነው። የትምህርቱ አስኳል ሬን፣ ማለትም ለሰው የሚገባ ርኅራኄና ሰብአዊነት፣ እና ሊ፣ ማለትም ከመሥዋዕት እስከ ሰላምታ ያለውን ሁሉ የሚያቅፈው የአክብሮት ሥርዓት ነው። ሕዝብ በቅጣት ብቻ ከተገዛ ከቅጣቱ ማምለጫ ይፈልጋል እንጂ ኀፍረት አያውቅም፤ በምግባርና በሥርዓት የተመራ ግን ራሱን ያርማል ብሎ ያምን ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሜንሺየስ ይህን አስፍቶ፣ በመንግሥት ውስጥ ሕዝብ ከንጉሥ እንደሚቀድም፣ ጨቋኝን መግደልም ንጉሥን እንደ መግደል እንደማይቆጠር እስከ መናገር ደረሰ። የዘመኑ ሌሎች ድምፆችም ነበሩ፤ ሞዙ ለዘመድና ለባዕድ ሳይለይ እኩል መውደድን ሰበከ፣ በላኦዙ ስም የሚጠራው የዳኦ መንገድ ደግሞ ጣልቃ ሳይገቡ መግዛትን ከብልሃት ሁሉ በላይ አደረገ።

የሕጋውያን ትምህርት በመጀመሪያ የተፈተነው በምዕራቡ የቺን ግዛት ነው። ከ356 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ሻንግ ያንግ የተባለው ሹም ቤተሰቦችን በአምስትና በዐሥር አቧድኖ አንዱ ለሌላው ጥፋት ተጠያቂ እንዲሆን አደረገ፤ የመኳንንትን የዘር ማዕረግ ሽሮ በጦር ሜዳ በተቆረጠ የጠላት ራስ ቁጥር የሚለካ ማዕረግ ተከለ፤ አልጋ ወራሹ ሕግ በጣሰ ጊዜም አስተማሪዎቹን ቀጣ። ጠባቂው የነበረው መስፍን በ338 ቅ.ል.ክ. ሲሞትና ሻንግ ያንግ ሲሸሽ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ማሳደር በሻንግ ያንግ ሕግ ያስቀጣል ብሎ እንደመለሰው ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ይተርካል። ሰውየው ቢጠፋም ሕጉ ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሃን ግዛት መስፍን ልጅ የሆነው ሃን ፌይ (ይህ ግዛት ከኋለኛው የሃን ሥርወ መንግሥት ጋር ግንኙነት የለውም) ትምህርቱን አሟልቶ ጻፈው፤ ገዥ ሊተማመን የሚገባው በሹሞቹ ደግነት ሳይሆን በሽልማትና በቅጣት ነው፣ ፍላጎቱንም ከሰው ሰውሮ የሹሙን ቃልና ሥራ እያስተያየ ይመዝን አለ። ይህ ፍላጎትን የመሰወር ምክር ከላኦዙ የተቀዳ መሆኑ የቻይና ፍልስፍናዎች እንደሚባለው በግድግዳ ተለያይተው እንዳልኖሩ ያሳያል።

የሁለቱን ወገኖች ልዩነት ከማንኛውም ትንታኔ በላይ የሚያሳየው በግ የሰረቀ አባት ጉዳይ ነው። አንድ መስፍን በአገሩ አባቱ በግ ሲሰርቅ የመሰከረበት ቅን ሰው እንዳለ ሲመካ፣ ኮንፊሽየስ በእርሱ አገር ቅንነት የሚባለው አባት ለልጁ፣ ልጅም ለአባቱ ሲሸፍን እንደሆነ መለሰ። ሃን ፌይ ይህንኑ ታሪክ አንሥቶ፣ አባቱን ያጋለጠው ልጅ በሹም ትእዛዝ እንደተገደለና ከዚያ ወዲያ ወንጀል የሚጠቁም ሰው እንደጠፋ በመንገር፣ ለአባት የታመነ ልጅ ለንጉሥ ከሐዲ ዜጋ ነው ብሎ ደመደመ። ክርክሩ ለንጉሠ ነገሥታቱ ቀልድ አልነበረም፤ በመንደር ያለውን ወንጀል የሚያውቀው ቤተሰብ ነውና።

በ221 ቅ.ል.ክ. ስድስቱን ተፎካካሪ ግዛቶች አጥፍቶ ራሱን የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሰየመው የቺን ንጉሥ መልሱን ያለ ማመንታት ከሃን ፌይ ወሰደ፤ ጸሐፊው ራሱ ግን በ233 ቅ.ል.ክ. በቺን እስር ቤት ሞቶ ነበር። አገሪቱ በ36 አውራጃዎች ተከፍላ በተሿሚዎች ተገዛች፣ ፊደልና ሚዛን አንድ ሆነ፣ በሠረገላ መንኰራኵሮች መካከል ያለው ርቀት ሳይቀር ተወሰነ፤ በ213 ቅ.ል.ክ. ደግሞ የጥንቱን ዘመን እያወደሱ የዛሬውን የሚነቅፉ ሊቃውንት አፍ እንዲዘጋ መጻሕፍት ተቃጠሉ። በ1974 ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው የሸክላ ወታደሮች የዚህ ሰው መቃብር ጠባቂዎች ናቸው። እርሱ በ210 ቅ.ል.ክ. ከሞተ አራት ዓመት ሳይሞላ ሥርወ መንግሥቱ ፈረሰ።

በ202 ቅ.ል.ክ. የነገሠው ሊዩ ባንግና ተከታዮቹ የሃን ነገሥታት የቺንን ስም እየረገሙ የቺንን አውራጃና መዝገብ ይዘው ቀጠሉ። ከ141 እስከ 87 ቅ.ል.ክ. የገዛው ዉዲ የኮንፊሽየስን መጻሕፍት የሚያስተምሩ ሊቃውንትን በመንግሥት ደመወዝ ሾመ፣ በ124 ቅ.ል.ክ.ም በ50 ተማሪዎች የሚጀምር ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዚያው ዘመን ግን ሲዮንግኑ ከተባሉት ፈረሰኞች ጋር ለሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ለማግኘት የጨውና የብረት ንግድን ለመንግሥት ብቻ አደረገ። እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ81 ቅ.ል.ክ.፣ ከየአውራጃው የተጠሩ ከ60 በላይ ሊቃውንት ከመንግሥት ሹሞች ጋር በቤተ መንግሥት ተከራከሩ፤ መንግሥት ከሕዝብ ጋር ለትርፍ መሻማት እንደማይገባውና የመንግሥት ማረሻ ለገበሬ እንደማይመች ሲናገሩ፣ ሹሞቹ ድንበር በቅን ምክር አይጠበቅም ብለው መለሱ። መንግሥት ለብቻው ይዞት የነበረው የመጠጥ ንግድ ተለቀቀ፤ ጨውና ብረቱ በአብዛኛው ባለበት ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የነገሠው ሹዋንዲ፣ አልጋ ወራሹ የኮንፊሽየስ ሊቃውንት በብዛት እንዲሾሙ ሲለምነው ተቆጥቶ፣ የሃን ቤት የምግባርንና የጉልበትን መንገድ ደባልቆ የሚገዛ መሆኑን ነገረው። የዘመኑን ምሥጢር እንዲህ በግልጽ የተናገረ ሌላ ንጉሥ ማግኘት ያስቸግራል።

የበጉን ጉዳይ የዳኘውም ይኸው ሹዋንዲ ነው፤ በ66 ቅ.ል.ክ. ባወጣው አዋጅ ወላጁን የደበቀ ልጅ እንዳይቀጣ አደረገ። በ653 የወጣው የታንግ ሕግ ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ወላጁን ለዳኛ የከሰሰ ልጅ ታንቆ እንዲገደል ደነገገ፤ ክሱ በንጉሡ ላይ የተዶለተ ዐመፅ ከሆነ ግን ልጅ አባቱን ማጋለጥ ይገባዋል። ኮንፊሽየስ የቤተሰቡን በር ሲጠብቅ፣ ሃን ፌይ የቤተ መንግሥቱን ጠበቀ።

ከሃን ዘመን ጀምሮ የገባው የቡድሃ እምነት ለሞትና ለመከራ መልስ በመስጠት ሚሊዮኖችን ቢማርክም፣ ግብር የማይከፍሉ ገዳማት መብዛታቸው መንግሥትን አስቆጣ፤ በ845 ከ4,600 በላይ ገዳማት ተዘግተው ከ260,000 በላይ መነኮሳትና መነኮሳይያት ወደ ዓለማዊ ኑሮ ተመለሱ። የመንግሥት ሹመት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የኮንፊሽየስ ትምህርት ርስት ነበር። በሱዪ የተጀመረው የሹመት ፈተና ከ960 በኋላ በሶንግ ዘመን ሲስፋፋ፣ የተፈታኙ ስም ተሸፍኖ፣ የእጅ ጽሕፈቱም እንዳይለይ ወረቀቱ በጸሐፊዎች እየተገለበጠ ይታረም ጀመር። ጥያቄው ስለ ምግባር ነው፤ አሠራሩ ግን ማንንም አያምንም። በቺንግ ዘመን ሹም በተወለደበት ክፍለ ሀገር እንዳይሾም መከልከሉም ከዚሁ ጥርጣሬ የመጣ ነው።

የኮንፊሽየስ ትምህርት በአገልጋይነት ብቻ እንዳልኖረ የሚያሳየው በ1368 ሚንግን የመሠረተው ዡ ዩዋንዣንግ ነው። በልጅነቱ በረሃብ ቤተሰቡን አጥቶ ገዳም የገባው ይህ ሰው በ1380 የጠቅላይ ሚኒስትርነትን ሹመት ጨርሶ ሰረዘ፤ የሜንሺየስን መጽሐፍ ሲያነብም ስለ ጨቋኝ ነገሥታት የተጻፈውን ሊታገሥ ስላልቻለ በ1394 ከመጽሐፉ 85 አንቀጾች ተቆርጠው እንዲወጡ አደረገ። በተተኪዎቹ ዘመን ሙሉው መጽሐፍ ወደ ፈተናው ተመለሰ።

ፈተናው የወደቀበትንም አስሮ ይይዝ ነበር፤ ለዓመታት መጽሐፍ ያጠና ወጣት ዳግመኛ ለመፈተን ሲጠባበቅ ዓይኑ ከዙፋኑ አይነቀልምና። ሆንግ ሹቹዋን የተባለው ተፈታኝ ግን ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ራሱን የኢየሱስ ወንድም ብሎ ከ1851 እስከ 1864 የዘለቀውን፣ ሚሊዮኖች ያለቁበትን የታይፒንግ ዐመፅ መራ። የቺንግ መንግሥት በ1905 ፈተናውን ሲሰርዝ የተማረው ወጣት ወደ ጃፓን ትምህርት ቤቶችና በአውሮፓ ሥልት ወደሚሠለጥነው አዲሱ ጦር ጎረፈ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1911 በዉቻንግ ከተማ መጀመሪያ ጥይት የተኮሱት የዚህ ጦር ወታደሮች ናቸው፤ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት፣ የስድስት ዓመቱ ፑዪም በፌብሩዋሪ 1912 ከዙፋኑ ወረደ።