«ሹሩባ የሴት ነው» ይላሉ

ደብረ ታቦር፣ አንድ ጸጉር ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ጸጉሩ ትከሻው ላይ የደረሰ ልጅ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ምነው ልጄ፣ ሴት ልትሆን ነው?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ አፄ ቴዎድሮስ ጸጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው ይታያሉ።

7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚያው አጠገብ፣ ጋፋት ነው። መድፉን ያሠሩትን ንጉሥ በሹሩባቸው የማያውቃቸው የለም። በዚያ ዘመን ሹሩባ የጦረኛ ጌጥ ነበር፤ ትልቅ አውሬ የገደለ አዳኝም ጆሮውን ተበስቶ ጉትቻ ያደርግ ነበር። መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ከንጉሡ ራስ ቆርጠው የወሰዱትን ጸጉር አንድ የለንደን ሙዚየም የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። አገር የተቀበለው ጸጉር፣ አንድ ልጅ ራስ ላይ ሲያድግ ለምን ነውር ይሆናል?

በጾታ ከተለመደው ወጣ ማለት «ከፈረንጅ የመጣ ነው» የሚሉም አሉ። ታዲያ ወንዳገረድ፣ ወንዳወንድ፣ ሴታሴት የሚሉትን ቃላት ማን አመጣቸው? ሲሞን ሜሲንግ የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደገኛው አማራ በጻፈው ጥናት፣ እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶችን ጠቅሷል። ሰዉ የእግዜር ስህተት ናቸው ይል ነበር። አባባሉ ያሳዝናል፤ ግን ሰዎቹ እዚሁ እንደነበሩ ይመሰክራል።

«በሽታ ነው» ለሚለውም የዓለም ጤና ድርጅት መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው፣ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ትራንስጀንደር መሆንን፣ ማለትም ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ጾታ እንዳላቸው ማወቅን፣ ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል። ትራንስጀንደር ሰዎች ማንን እንደሚወዱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከአለባበስ አይነበብም።

«ትራንስጀንደር ሰዎች ሁሉ ሰውነታቸውን ይጠላሉ» የሚለውም ልክ አይደለም። አንዱ ድምፁ ሲጎረንን፣ ጢሙ ሲያቆጠቁጥ መስታወት ማየት ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱም አፍንጫዬ ሰፋ ብሎ ከመማረር የተለየ ነው፤ ፊቱ የሌላ ሰው ይመስለዋል። ሌላው በሰውነቱ ቅሬታ የለውም፤ የሚያሳምመው ሰው የሚሰጠው ስም ነው። ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚልም አለ፤ ነንባይነሪ ይባላል። ይህን መስማት ለሚከብደው አንድ ነገር ላስታውስ፦ የአማርኛችን «አንቱ» እና «እሳቸው» ወንድና ሴት አይለዩም። ለምናከብረው ሰው ሁሉ እንዲሁ እንላለን።

ያ ልጅ የዚያን ቀን ጸጉሩን ተቆረጠ። ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም ዝም አልኩ። እናንተ ግን፣ ልጃችሁ መስታወት ፊት ቆሞ ሲጨነቅ ብታዩ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።